በየቀኑ እሄዳለሁ፣ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወልዲያ የመጡ ናቸው። የደሴዋ ጥያቄ የብዙዎቻችሁ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ መልሻለሁ።

*

«ሰላም እንዴት ናችሁ? ደሴ ነው የምኖረው። ዕድሜዬ 36፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ኪሎዬ 78 ነው። ሱቅ አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። ሁለት ወር ሆነኝ፣ ጠዋት ጠዋት ከጓደኛዬ ጋር አንድ ሰዓት በእግር እንሄዳለን። በብርዱም በጉሙም አልቀረሁም። የቀነስኩት ግን አንድ ኪሎ ቢሆን ነው፣ እሱም ይሄዳል ይመጣል። ስልኬ ላይ ያለው አፕ በየቀኑ 400 ካሎሪ አቃጠልሽ ይለኛል። ቁርስ አልበላም፣ እንጀራም ቀንሻለሁ። ጓደኛዬ ‹ሩጫ ካልሆነ በእርምጃ አይቀንስም› ትለኛለች። ደግሞስ ካሎሪ ቆጥሮ መብላት እኛ አገር ይቻላል እንዴ?»

እህቴ፣ መሄድሽን እንዳትተዪ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። አንቺ 420 ደቂቃ እየሄድሽ ነው። ለልብሽ፣ ለደም ግፊትሽ፣ ለእንቅልፍሽ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። እግርሽ የሚጠበቅበትን አድርጓል። የቀረው ከድስቱ ጋር ያለን ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ግን ያን አፕ እንየው። 78 ኪሎ የሆነ ሰው ሜዳ ላይ ፈጠን ብሎ አንድ ሰዓት ሲሄድ 300 ካሎሪ ገደማ ያወጣል። ከዚህ ውስጥ ወደ 80 የሚሆነውን ሱቅሽ ውስጥ ቁጭ ብትዪም ታወጪው ነበር። መንገዱ የጨመረልሽ እንግዲህ 220፣ ቢበዛ 230 ነው። ደሴ ላይ ሜዳ የታለ ካልሽኝ ልክ ነሽ፣ ዳገቱ ይጨምርልሻል፣ ግን የወጡትን ዳገት መውረድም አለ። ስልክሽ 400 ሲልሽ «እንግዲያ ዛሬ ትንሽ ብቀማምስ ምን አለበት» ትያለሽ፣ ሁላችንም እንላለን፣ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

አሁን ሰውነትሽ በቀን ስንት እንደሚፈልግ እናስላ። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል ቀመር አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ። ኪሎሽን በ10 አባዢ። ቁመትሽን በሴንቲሜትር አድርገሽ በ6.25 አባዢና ደምሪበት። ዕድሜሽን በ5 አባዝተሽ ቀንሺ። ሴት ስለሆንሽ 161 ቀንሺ (ወንዶች እዚህ ጋ 161 አትቀንሱም፣ 5 ትደምራላችሁ)። ያንቺ 1,450 ገደማ ይመጣል። ይህ አልጋ ላይ ተኝተሽ ብትውዪ እንኳ ሰውነትሽ ለመተንፈስ፣ ለመሞቅ፣ ልብሽን ለማስመታት የሚፈልገው ነው። ሱቅ መዋልሽንና የጠዋት እርምጃሽን ስንጨምርበት፣ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ላለው ሰው በ1.375 ይባዛል፣ 2,000 አካባቢ ይሆናል። ልብ በዪ፣ እርምጃሽ እዚህ ውስጥ አንዴ ተቆጥሯል። አፑ የሚሰጥሽን 400 ከላይ እንደገና ከደመርሽው አንዱን ዕቃ ሁለቴ እንደመሸጥ ነው።

2,000 ከበላሽ ባለሽበት ትቆያለሽ። ሁለት ወር ሙሉ የሆነብሽም ይኸው ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ይይዛል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ለመቀነስ በቀን 500 አካባቢ ማጉደል አለብሽ። ወደ 1,500 መውረድ ማለት ነው። ከዚህ በታች ብዙ አትውረጂ፣ ከ1,200 በታች ደግሞ ያለ ሐኪም ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያ ክትትል በጭራሽ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ ይህን ሁሉ እርሺው፣ ጊዜው አይደለም።

500 ከየት ይጉደል? እንጀራ ቀንሻለሁ ብለሻል። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው እንጀራ ነው፣ የዋህ ስለሆነ ነው መሰለኝ። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 365 ካሎሪ ያህል አለው፣ እንጀራው ግን አብዛኛው ውሃ ነው። አንድ ትልቅ እንጀራ እንደ ስፋቱና እንደ ውፍረቱ ከ400 እስከ 500 ሊደርስ ይችላል። ትንሽ አይደለም። የማሽላም ቢሆን ብዙ አይለይም። ግን እንጀራውን ቆጥረሽ ነው የምትበዪው። ዘይቱን ማን ቆጠረው?

እስቲ ዛሬ ማታ ወጥ ስትሠሪ አንድ ነገር አድርጊ። ሽንኩርቱን ስታቁላዪ ዘይቱን ከጀሪካኑ ቸለስ አታድርጊ። መጀመሪያ በቡና ሲኒ ለኪው። እንደ ልማድሽ ነው የምትለኪው፣ ለመቀነስ አይደለም፣ ለማየት ብቻ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። አንድ ሲኒ ሙሉ ዘይት ወደ 500 ይጠጋል፣ ሲኒው ሰፋ ካለ ያልፋል። ለሦስት ሰው በሚሠራ ሽሮ ላይ ሲኒ ተኩል ከገባ፣ ያንቺ ድርሻ ከዘይቱ ብቻ 250 ነው። የጠዋት እርምጃሽ በሙሉ፣ ብርዱና ጉሙ ጭምር፣ እዚያች ድስት ውስጥ ገባ። ምሳና እራት ከሆነ ደግሞ ሁለቴ። ቅቤ ይሻላል የሚሉ አሉ፣ በካሎሪ ያው ነው። የጾም ምግብ ቀላል ነው የሚባለውም እንደ እጃችን ነው፣ በጾም ወቅት የምንጠብሰው ድንችና ሳምቡሳ የፍስኩን ያስንቃል። ሽንኩርቱን በውሃ ጠብ ጠብ እያደረግሽ አብስዪው፣ ዘይቱን መጨረሻ አካባቢ በሾርባ ማንኪያ ሁለት፣ ሦስት ብቻ። መጀመሪያ ቤተሰቡ ያጉረመርማል። ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ጨመር አድርጊበት፣ ይረሳሉ።

ሁለተኛው ቡናው ነው። ወሎ ውስጥ የጎረቤት ቡና እምቢ በዪ ብዬ አልመክርሽም፣ እኔም ከሰው አልጣላም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ይኸው 100 ካሎሪ። ቆሎው ይዞራል፣ ወሬው ይሞቃል፣ እጅ ሳያውቀው ሳህኑ ላይ ይመላለሳል። አንድ ጭብጥ ቆሎ ከ100 በላይ ነው፣ ኦቾሎኒ ከተቀላቀለበት ከዚያም ያልፋል። ዳቦ ከተቆረሰ ሌላ ምሳ ሆነ ማለት ነው። ቡናሽን ያለ ስኳር ጀምሪ፣ እሬት እሬት ቢልሽም ምላስ ቶሎ ይለምዳል። ቆሎውን አንዴ መዳፍሽ ላይ ዝገኚና ሳህኑን ወደ ጎረቤትሽ አሻግሪው። በዱዓ ቀንም በማኅበር ቀንም ይሠራል።

ቁርስ መተው በራሱ አያከሳም፣ አያወፍርምም። ነገሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ቁርስ ሳይበሉ ውለው አስር ሰዓት ላይ ቡና ቁርሱን፣ ማታ ደግሞ መሶቡን የሚወርሩ ብዙ ናቸው። ካንቺም ይሄ ካለ ጠዋት አንድ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ወይም ትንሽ የባቄላ ፉል ብዪ፣ ፉሉ ላይ ዘይት ሳይንሳፈፍ። ምስር፣ ሽንብራ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ እርጎ ሆድ ይይዛሉ፣ ስትቀንሺም ጡንቻሽ አብሮ እንዳይሄድ ይረዳሉ። ጎመንና ሰላጣ ሰሃንሽን ግማሽ ይያዙ፣ እንጀራው በዚያው ልክ ይጠባል።

ጓደኛሽ ስለ ሩጫ ያለችው ግማሽ እውነት አለው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሩጫ የበለጠ ያቃጥላል። ግን በ78 ኪሎ፣ በዚያ ቁልቁለት ላይ፣ ጉልበትሽ ምን ይላል? ከሩጫው ይልቅ በሳምንት ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ጨምሪ። ሱቅሽ ውስጥ ዱካ ላይ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ መግፋት፣ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ማንሳትና ማውረድ። ደንበኛ ከሳቀብሽ ይሳቅ።

አገራችን ካሎሪ ተቆጥሮ ይበላል ወይ ላልሽው፣ በየጉርሻው አይቆጠርም፣ አብረን ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ዘይት፣ ስኳር፣ ቆሎና እንጀራ መለካት ግን ይቻላል፣ አብዛኛው ካሎሪም እዚያ ነው ያለው። ድርሻሽን በሰሃን ለብቻ ማውጣትም አንድ መላ ነው፣ ኩራት መስሏቸው እንዳይቀየሙሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ሚዛን ላይ በሳምንት አንዴ ውጪ፣ ጠዋት፣ በዚያው ቀን። በየቀኑ ከወጣሽ ውሃው ነው የሚያታልልሽ፣ የወር አበባ ሲቃረብ ደግሞ ኪሎና ከዚያ በላይ ሊዋዥቅ ይችላል። የልብስ ሰፊ ሜትር ገዝተሽ ወገብሽንም ለኪ። ለሴት ከ88 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ ለስኳርና ለልብ ሕመም ያለው ስጋት ከፍ ያለ ነው። ደግሞ 60 ኪሎ ካልገባሁ ብለሽ አትጨነቂ። ካለሽ ላይ 5 በመቶ፣ ማለትም 4 ኪሎ አካባቢ ብትቀንሺ እንኳ የደም ግፊትና የስኳር መጠን ላይ ለውጥ ይታያል። እየቀለልሽ ስትሄጂ ሰውነትሽ የሚፈልገውም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሚዛኑ መሃል ላይ ቢቆምብሽ ቀመሩን በአዲሱ ኪሎሽ እንደገና ሥሪው። ዘይቱንም ስኳሩንም በእውነት ለክተሽ ሁለት ሦስት ወር ምንም ካልተለወጠ፣ ያኔ የታይሮይድ (የእንቅርት ዕጢ) ምርመራ ጠይቂ። ከድስቱ በፊት ግን እንቅርቱን አትጠርጥሪ።

*

«ኮምቦልቻ ባጃጅ ነው የምነዳው። 27 ዓመቴ ነው፣ 92 ኪሎ ገብቻለሁ። ጫት ያከሳል ይሉኝ ነበር፣ ስቅምም አይርበኝም፣ እኔ ግን ጭራሽ ቦርጭ አወጣሁ። ሲት አፕ ጀምሬያለሁ። ስንት ብሠራ ነው ቦርጩ የሚጠፋው?»

ወንድሜ፣ ሲት አፕ የሆድ ጡንቻ ያጠነክራል፣ ከላዩ ያለውን ስብ ግን ለይቶ አያነሳም። ሰውነት ስብ የሚያወጣው ከፈለገው ቦታ ነው፣ ቦርጭ ብዙ ጊዜ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው።

ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እውነት ነው። ግን ባዶውን አይቃምም። በኮምቦልቻ ሙቀት አንድ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ቆየት ብሎ ሌላ፣ መሃል ላይ ስኳር የበዛበት ሻይ። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 125 ካሎሪ አካባቢ አለው፣ በቀን ሦስት ከሆነ አንድ ትንሽ እንጀራ ጠጣህ ማለት ነው፣ ሆድህ ግን አላወቀውም። ምርቃናው ሲበርድ ጨብሲ ይመጣል፣ አንድ ጠርሙስ ቢራ 140፣ 150 ነው፣ አልኮል በግራም 7 ካሎሪ አለው፣ ከቅባት ቀጥሎ ማለት ነው። ከዚያ እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑን ሙሉ ያልበላኸውን ትበላለህ። እንቅልፍም የለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ የሚያምረው ጣፋጭና ቅባት ነው። ልብ ምትህንና ደም ግፊትህን ከፍ የሚያደርገውንማ ተወው፣ እሱን ለብቻው ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን።

አሁን ከለስላሳው ጀምር። ውሃ ያዝ፣ ባጃጁ ውስጥ አስቀምጥ። ሥራህ የመቀመጥ ስለሆነ ማታ አቁመህ ቤትህ በእግርህ ግባ፣ ወይም ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ግማሽ ሰዓት ሂድ። ሲት አፑን ከፈለግክ ቀጥልበት፣ ፑሽ አፕ ጨምርበት።

*

«ወልዲያ ነኝ፣ 61 ዓመቴ ነው። ስኳር አለብኝ፣ ግሊቤንክላማይድ የሚባል ኪኒን እወስዳለሁ። ሐኪም ክብደት ቀንስ ስላለኝ ምግብ ቀንሼ ጠዋት በባዶ ሆዴ እሄዳለሁ። አንዳንድ ቀን ያንቀጠቅጠኛል፣ ያልበኛል፣ ዓይኔም ይጨልምብኛል። ረመዳንም እየመጣ ነው። ስፖርቱ አልተስማማኝም ይሆን?»

አባቴ፣ ይህን ደብዳቤ እንዳነበቡ ከሐኪምዎ ጋር ቀጠሮ ይያዙ። የገለጹልኝ ነገር የስኳር ማነስ ምልክት ነው። የሚወስዱት ኪኒን ስኳርን ወደ ታች ይገፋል፣ እንቅስቃሴውም ይገፋል፣ ምግቡ ደግሞ ቀንሷል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ይወርዳል። ስፖርቱ ጥፋት የለበትም፣ መጠኑ ከመድኃኒቱ ጋር አልተስማማም። መድኃኒቱን ግን በራስዎ አይቀንሱ፣ አያቋርጡም፣ እሱ የሐኪሙ ሥራ ነው።

እስከዚያው በባዶ ሆድ አይሂዱ። ቁርስ ቀማምሰው ይውጡ፣ ሰው አብሮዎት ይሂድ፣ ኪስዎ ውስጥ ስኳር ይኑር። ሲያንቀጠቅጥዎት ቁጭ ይበሉ፣ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ይጠጡ። መለኪያ ካለዎት ይለኩ፣ ከ70 በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ፣ ካልወጣ ይድገሙት። ከተሻለዎት በኋላ ምግብ ይብሉ።

ረመዳንን በተመለከተ፣ ከመግባቱ ከአንድ ሁለት ወር ቀደም ብለው ሐኪምዎን ያማክሩ። የመድኃኒቱ ዓይነትና ሰዓት ሊለወጥ ይችላል፣ ላይጾሙም ይችላሉ፣ ለታመመ ሰው ሃይማኖቱም ፈቅዷል። ከጾሙም በአፍጥር ሰዓት ያሉትን ሳምቡሳዎች ይቁጠሩ፣ ቴምሩን አንድ ሁለት፣ እርምጃውን ደግሞ ከመግሪብ በፊት ሳይሆን ከአፍጥር በኋላ ያድርጉት።

ለመሄጃ የሚያደርጉት ጫማ የማይጠብ፣ ካልሲውም ንጹሕ ይሁን። ማታ ማታ እግርዎን ከታችም ከጣቶች መሃልም ይዩ፣ ካልታየዎት ልጆችዎ ይዩልዎት። ስኳር ያለበት እግር ቁስሉን ቶሎ አያሳውቅም።