የዌልስ አድማጭ ተመልካቾችን መወከል፦ ዌልሽኛ ለማትችል ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ውድ እህታችን፣

ጥያቄሽ ደርሶናል። ካርዲፍ ውስጥ የጋዜጠኝነት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። የዌልስን አድማጭ ተመልካቾች የሚወክል የአማካሪ ኮሚቴ አባል ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ አይተሽ «ይሄ ሥራ ነው ወይስ በጎ ፈቃድ? ዌልሽኛ ሳልችል በምን አፌ ዌልስን እወክላለሁ? ነገ ቢቢሲ ልቀጠር ብል እንቅፋት ይሆንብኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ለሦስቱም መልስ አለን፤ ነገር ግን ተወካይ የሚባለው ሰው በትክክል ምን እንደሚሠራ መጀመሪያ እንግባባ።

ተወካይ የራሱን ምርጫ ይዞ ስብሰባ የሚገባ ሰው አይደለም። ሥራው ሌሎች ሰዎች የሚያዩትንና የሚሰሙትን በማስረጃ ይዞ፣ ውሳኔው ሳያልቅ፣ ውሳኔው ወደሚሰጥበት ክፍል ማድረስ ነው። ብዙ ቅን ሰዎች የሚደክሙት እዚህ ላይ ነው፤ ጥሩ ማስረጃ ይዘው የማይመለከተውን በር ያንኳኳሉ።

ስለዚህ በሮቹን እወቂ። ጤናና ትምህርት ከ1999 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዌልስ የራሷ ጉዳዮች ናቸው፤ ብሮድካስት ግን አሁንም በለንደኑ ፓርላማ ሥር ነው። የዌልስ ፓርላማ ሴኔዝ መጠየቅና መወትወት ይችላል፤ ቢቢሲ የሚተዳደርበትን የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ መወሰን ግን አይችልም። የሬዲዮ ዌልስና የዌልሽኛው የሬዲዮ ከምሪ የፕሮግራም ሰሌዳ የሚወሰነው ካርዲፍ ሴንትራል ስኩዌር ባለው የቢቢሲ የዌልስ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። የምሽቱ የመላ ብሪታንያ ዜና አርታኢዎች ያሉት ለንደን ነው። የዌልሽኛው ጣቢያ ኤስ4ሲ የራሱ ቦርድ አለው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም ካርማርዘን ነው። የኤስ4ሲን ዜና የሚያዘጋጀው ግን ቢቢሲ ነው፤ ቢቢሲ ለጣቢያው ፕሮግራም እንዲሰጥ በሕግ ይገደዳል። የብሪታንያ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ የሆነው ኦፍኮም ደግሞ ለቢቢሲ የሥራ ፈቃድ ሲሰጥ ግዴታ ያስቀምጣል፤ ለምሳሌ ለመላ ብሪታንያ ከሚቀርቡት የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች በሰዓትም በወጪም ቢያንስ 5 በመቶው ዌልስ ውስጥ እንዲሠራ።

ድሮ ይህ ውክልና አንድ የታወቀ ቤት ነበረው። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የዌልስ ብሮድካስት ምክር ቤት ነበር፤ በ2007 ያኔ የቢቢሲ የበላይ አካል በነበረው በቢቢሲ ትረስት ሥር በተቋቋመው የዌልስ አድማጭ ተመልካቾች ምክር ቤት ተተካ፤ ትረስቱ በ2017 ሲፈርስ ምክር ቤቱም አብሮ ቀረ። አንዳንድ ሰው እስከ ዛሬ ያንን ምክር ቤት እየፈለገ ጊዜውን ያባክናል። አሁን ውክልናው ተበታትኗል። በቢቢሲ ቦርድ ውስጥ የዌልስ አባል አለ፤ ኦፍኮም በ2003ቱ የኮሙኒኬሽን ሕግ መሠረት የተቋቋመ የዌልስ አማካሪ ኮሚቴ አለው፤ ከመንግሥትም ከጣቢያዎችም ነፃ ሆኖ በ1983 የተመሠረተው የአድማጭና የተመልካች ድምፅ የተባለው ማኅበርም አለ። በእኛ እምነት መበታተኑ ለተራው ሰው ጉዳት ነው፤ ቅሬታውን የት እንደሚወስድ ግራ ይገባዋል። ያንቺ ዓይነት ሰው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ማስረጃ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንይ። «የለንደን ዜና ስለ ዌልስ ደንታ የለውም» ብትዪ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፣ እዚያው ይቀራል። አሁን እንዲህ በይው፦ «ማክሰኞ በ4 ሰዓቱ (በብሪታንያ አቆጣጠር በ10 ሰዓቱ) የምሽት ዜና፣ በሦስተኛው ዘገባ፣ አቅራቢዋ ‹መንግሥት የሆስፒታል ወረፋን ለማሳጠር አዲስ ዕቅድ አወጣ› አለች። ዕቅዱ የሚመለከተው እንግሊዝን ብቻ ነው። በሁለት ደቂቃው ዘገባ ውስጥ ‹በእንግሊዝ› የሚለው ቃል አንድ ጊዜም አልተነሳም። ስዋንዚ ያለ ታካሚ ዕቅዱ ለእሱም የወጣ ይመስለዋል።» ይህን አርታኢው ሊክደው አይችልም፤ መፍትሔውም አንድ ቃል ነው። አሥር እንዲህ ያለ ማስታወሻ፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ፣ ከሃምሳ ገጽ ምሬት ይበልጣል። ቢቢሲ ትረስት በ2008 ፕሮፌሰር አንቶኒ ኪንግን ያስጠናው ይህንኑ ድክመት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የዜና ክፍሎቹ የትኛው ፖሊሲ ለየትኛው አገር እንደሆነ ለይተው እንዲናገሩ ተጠይቋል። ዛሬም የሚያዳልጠው ያው ቦታ ነው፤ ምክንያቱም ዜናውን የሚጽፈው ሰው የሚኖረው እንግሊዝ ውስጥ ነው፤ «መንግሥት» ሲል በሐሳቡ የሚመጣለት አንድ መንግሥት ብቻ ነው።

ቅሬታና ውክልናም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዲት እናት በአንድ ፕሮግራም ከተበሳጨች መንገዷ የቅሬታ መንገድ ነው፦ ፕሮግራሙ ከተላለፈ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ለራሱ ለቢቢሲ ታቀርባለች፤ መልሱ ካላረካት በዚያው ደረጃ እንደገና ትጠይቃለች፤ ቀጥሎ ወደ ቢቢሲ የአስፈጻሚ ቅሬታ ክፍል፤ በመጨረሻ ወደ ኦፍኮም። ቢቢሲን ዘልሎ ኦፍኮም የሄደ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ተወካይ የዚችን እናት ጉዳይ ተረክቦ አይሟገትም፤ መንገዱን ያሳያታል፤ ተመሳሳይ ነገር ሲደጋገም ግን መዝግቦ ያቀርባል።

ቁጥር ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጋዜጠኞች የምትሸወዱበት ቦታ ነውና። «ከብሪታንያ ሕዝብ 70 በመቶው ረክቷል» የሚል የዳሰሳ ጥናት ቀረበ እንበል፤ የተጠየቁት 1,000 ሰዎች ናቸው። የዌልስ ሕዝብ 3.1 ሚሊዮን ገደማ ስለሆነ ከሺው ውስጥ የዌልስ ድርሻ 46 ሰው ያህል ነው። በ2021 ቆጠራ ዌልሽኛ የሚናገረው 17.8 በመቶ ነበር፤ ስለዚህ ከ46ቱ ዌልሽኛ ተናጋሪው 8 ሰው ነው። ስምንት ሰው! በ46 ሰው ናሙና ላይ የስህተት ህዳጉ፣ ማለትም ውጤቱ ከእውነታው ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ ወደላይም ወደታችም 14 በመቶ ገደማ ነው፤ ወደ 5 ለማውረድ 400 ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ሲቀርብልሽ የምትጠይቂው ጥያቄ አጭር ነው፦ «ከዌልስ ስንት ሰው ተጠየቀ? ለዌልስ ተጨማሪ ናሙና ተወስዷል? የዌልሽኛ ተናጋሪዎቹ ለብቻቸው ተለይተዋል?» የሬዲዮ ቁጥርም ሲነገር ምን እንደሚለካ እወቂ፤ ራጃር በተባለው የብሪታንያ የሬዲዮ አድማጭ መለኪያ አንድ ሰው የአንድ ጣቢያ ሳምንታዊ አድማጭ ተብሎ የሚቆጠረው ቢያንስ አምስት ደቂቃ ካዳመጠ ነው። አምስት ደቂቃ መስማትና ጣቢያውን መውደድ አንድ አይደሉም።

ሌላው ከውጭ ለመጣ ሰው የማይታየው የመልክዓ ምድሩ ጉዳይ ነው። ዌልስ ተራራና ሸለቆ ናት። በሸለቆዎቹ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያየው ከትልቁ ማሰራጫ ሳይሆን ከትናንሽ ቅብብሎሽ ማሰራጫዎች ነው፤ እነዚህ ደግሞ ሁሉንም ቻናል አይሸከሙም። በሰሜን ምሥራቅ፣ በሬክሰምና በፍሊንትሻየር በኩል፣ አንቴናቸው እንግሊዝ ውስጥ ወዳለው ዊንተር ሂል ማሰራጫ የዞረ ቤቶች አሉ፤ የክልል ዜናቸው የማንቸስተር ነው። በደቡብ ዳርቻም እዚያው እንግሊዝ ወዳለው ሜንዲፕ ማሰራጫ ያዞሩ አሉ። እንግዲህ አንዱ ተነስቶ «የዌልስ ዜና አይቼ አላውቅም» ሲልሽ ጥፋቱ የፕሮግራም ላይሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ሁልጊዜ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ የፖስታ ኮድ፣ የሚያየው በአንቴና ነው በሳተላይት ወይስ በኢንተርኔት፣ መክፈቻው ላይ የሚታየው የየትኛው ክልል ዜና ነው። ይህን ሳትለዪ ለፕሮግራም ኃላፊ ካቀረብሽው ችግሩ የስርጭት ሆኖ ይገኝና ሌላው ማስረጃሽም አብሮ ይጠረጠራል።

ወደ ዌልሽኛው እንምጣ። ከአምስት የዌልስ ነዋሪ አራቱ ዌልሽኛ አይናገርም፤ እነሱም ይወከላሉ፤ ስለዚህ ቋንቋውን አለማወቅሽ በሩን አይዘጋብሽም። ማስታወቂያው ዌልሽኛ ግዴታ ካለው በግልጽ ይጽፈዋል። ሆኖም ቋንቋውን እንደ ተጨማሪ ነገር የሚያይ ሰው ይህንን ወንበር ባይዝ እንመርጣለን። ኤስ4ሲ በኅዳር 1982 የተከፈተው በስጦታ አይደለም፤ መንግሥት የዌልሽኛ ጣቢያ እከፍታለሁ ያለውን ቃል ሲያጥፍ የዌልስ ብሔርተኛ ፓርቲ የፕላይድ ከምሪ መሪ የነበሩት ግዊንቮር ኤቫንስ በ1980 እስከ ሞት እጾማለሁ ብለው ነው ቃሉ የተመለሰው። ከአማርኛ ተናጋሪ ቤት ለወጣ ሰው ይህ ሩቅ አይደለም፤ ልጅ በቤቱ ቋንቋ ካርቱን አጥቶ ሲያድግ ምን እንደሚሆን ስደት ያለ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል።

በተግባር ደግሞ እንዲህ ነው። ስብሰባ ስትገቢ ዌልሽኛው በእንግሊዝኛ ሲተረጎም የምትሰሚበት የጆሮ ማዳመጫ በር ላይ ይሰጥሻል። ተቀብለሽ ቦርሳ ውስጥ አትክተቺው፤ ስብሰባው ሳይጀመር አድርጊውና ድምፁን አስተካክዪ። ሰው ዌልሽኛ መናገር ሲጀምር ማዳመጫውን ለመፈለግ ከተርመሰመስሽ፣ ተናጋሪው በይሉኝታ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል፤ ሁለተኛ ጊዜም በዌልሽኛ አይጀምርም። አንድ ሰው ዝግጁ ባለመሆኑ ብቻ ስብሰባው ሙሉ በሙሉ እንግሊዝኛ ይሆናል። ቋንቋውንም ጀምሪው፤ ብሔራዊ የዌልሽኛ ትምህርት ማዕከል ከ18 እስከ 25 ዓመት ላሉ በነፃ ያስተምራል። የቦታና የሰው ስም በትክክል መጥራት ብቻ እንኳ ብዙ መተማመን ይገዛል።

ሰው ስታነጋግሪ «ምን ትወዳላችሁ?» አትበዪ፤ ሰው ጨዋ መስሎ ለመታየት ዜናና ዘጋቢ ፊልም ይልሻል። «ትናንት ማታ ምን አያችሁ? በምን ላይ? ማን ከፈተው?» በዪ። የእኛን ሰዎች፣ ካርዲፍም ኒውፖርትም፣ ስትጠይቂ ደግሞ የፈቃድ ክፍያ ተቆጣጣሪ እንዳልሆንሽ ከመጀመሪያው ተናገሪ፤ አለዚያ «ቴሌቪዥን የለንም» ይሉሻል። ለሬዲዮ ፈቃድ እንደማያስፈልግ ብዙዎች አያውቁም፤ ንገሪያቸው። የቢቢሲ አማርኛን ቅሬታ ግን ወደ ዌልስ ኮሚቴ አታምጪው፤ እሱ በዓለም አገልግሎት ሥር ስለሆነ ኮሚቴው ምንም ሊያደርግለት አይችልም።

አሁን ስለ እንጀራው። ይህ መተዳደሪያ አይሆንም። በዓመት ለተወሰኑ ስብሰባዎችና ለንባብ የሚሰጥ ጊዜ ነው፤ ክፍያ ካለው ማስታወቂያው ላይ ይጻፋል፤ ካልተጻፈ ጠይቂ። በተማሪ ቪዛ ላይ ከሆንሽ ደግሞ በትምህርት ወቅት የሚፈቀደው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት እንደሆነና በግል ሥራ መተዳደር እንደማይፈቀድ ታውቂያለሽ፤ ውል ያለበት የበጎ ፈቃድ ሥራም ከሰዓቱ ሊቆጠር ይችላል። የኮሚቴው ወንበር በየትኛው እንደሚመደብ የዩኒቨርሲቲሽን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ በጽሑፍ ጠይቀሽ መልሱን ያዢው፤ ይህንንም ከመፈረምሽ በፊት አድርጊ።

የቢቢሲው ጥያቄሽ ከባዱ ነው። በተቆጣጣሪው በኦፍኮም ኮሚቴ ተቀምጦ ቁጥጥር ከሚደረግበት ጣቢያ ገንዘብ መቀበል የጥቅም ግጭት ነው። የአንድ ሳምንት የተከፈለ ሥራም ቢሆን ማሳወቅ አለብሽ፤ ከሁለቱ አንዱን እንድትለቂም ልትጠየቂ ትችያለሽ። ስለዚህ ልብሽ ዜና ክፍል ውስጥ ከሆነ የኮሚቴውን ማመልከቻ አሁን ባታስገቢ ይሻላል። ከአድማጭ ተመልካቹ ጋር መሥራት ከወደድሽ ግን መደበኛ ደመወዝ ያላቸው ሥራዎች አሉ፦ በጣቢያዎችና በጥናት ድርጅቶች የአድማጭ ተመልካች ተመራማሪ፣ በኦፍኮም የፖሊሲ ባለሙያ፣ በቅሬታ ክፍሎች መርማሪ። ለእነዚህ ከጋዜጠኝነቱ በተጨማሪ ኤክሴል በደንብና አንድ የስታትስቲክስ ኮርስ ያስፈልግሻል፤ በሦስተኛ ዓመትሽ የምርጫ ኮርስ ካለ ይህንን ውሰጂ።

የትኛውንም ብትመርጪ አንድ ነገር ዘንድሮ ጀምሪ። ቢቢሲ የሚቋቋምበትና የሚመራበት ሰነድ፣ ንጉሣዊ ቻርተሩ፣ የሚያበቃው በታኅሣሥ 31 ቀን 2027 ነው፤ እስከዚያ ድረስ መንግሥትም ኦፍኮምም ሕዝቡን አስተያየት ይጠይቃሉ። የአስተያየት መጠየቂያው ሰነድ መቶ ገጽ ቢሆንም አትፍሪው፤ ጥያቄዎቹ ቁጥር አላቸው፤ ሁሉንም እንድትመልሺ የሚያስገድድሽ የለም። ዌልስን የሚነኩ ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ ምረጪ፤ የጥያቄውን ቁጥር ጽፈሽ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ መልስ ስጪ፤ ከላይ እንዳሳየንሽ ቀንና ሰዓት ያለው ማስረጃ አስገቢበት። የማመልከቻ ቅጽ «ማስረጃ አመዛዝነሽ ያቀረብሽበትን ሁኔታ ግለጪ» ሲልሽ የምታያይዢው ይኖርሻል። ለዚያ ደብተር ገዝተሽ ከነገ ማታው የ4 ሰዓት ዜና ጀምሪ፦ ቀን፣ የዘገባው ተራ፣ «መንግሥት» የተባለበት ዐረፍተ ነገር፣ «በእንግሊዝ» ተብሏል ወይስ አልተባለም። የአራት ሳምንት መዝገብ ሲሞላልሽ ላኪልን፤ አብረንሽ እናነበዋለን።