ቆሞ የሚሰራ ይሻላል ተቀምጦ? እግሯ ለሚያብጥባት እህቴ

እህቴ ከቱሉ ዲምቱ የላክሽልኝን ደግሜ ደግሜ አነበብኩት። ልጅሽን ከወለድሽ በኋላ ግራ እግርሽ ላይ ደም ረግቶ ታክመሻል፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን መድኃኒት ዋርፋሪኑንም ሀኪምሽ አስቁሞሻል፣ ግን ይኸው ከዓመት በላይ ሆኖም ወደ ማታ እግርሽ ይከብዳል ያብጣል፣ ጠዋት ልክሽ የነበረው ጫማ ማታ አልገባ ይልሻል። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ስትፈልጊ ቆይተሽ አሁን ሁለት ስራ አንዴ መጣልሽ፣ አንዱ ቦሌ ለሚ ጋርመንት ኳሊቲ ቼከር፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ፣ ግን ደሞዙ ሻል ይላል ሰርቪስም አለው፣ ሌላው ቃሊቲ አንድ አስመጪ ጋ ጁኒየር አካውንታንት፣ ቀኑን ሙሉ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ተቀምጦ። ወንድምሽ "የተቀመጠውን ያዢ እግርሽ ይረፍ" አለሽ፣ አንቺ ደሞ ሰነፍ እንዳይሉኝ ብለሽ ለቀጣሪ መናገሩን ፈርተሻል።

ስንፍና የሚባል ነገር የለም እዚህ ውስጥ። ስም ያለው ህመም ነው፣ ሀኪሞች ፖስት ትሮምቦቲክ ሲንድሮም ይሉታል፣ እግር ላይ ዲቪቲ (እንዳንቺ በጥልቁ ደም ስር ውስጥ ደም መርጋት) ከያዛቸው ሰዎች ከ20 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ላይ ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ዓመት ውስጥ። እግራችን ደም ስር ውስጥ ደሙ ወደ ላይ ብቻ እንዲሄድ የሚያደርጉ ትንንሽ ቫልቮች አሉ፣ ደም ረግቶ የቆየበት ቦታ ላይ እነሱ ይጎዳሉ፣ ከዛ ደሙ ወደ ታች እየተመለሰ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ይጠራቀማል። የሚከብድሽ፣ የሚያሳክክሽ፣ ቆዳሽም ጠቆር ያለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ስራው ልምጣ። ወንድምሽ ላንቺ አዝኖ ነው፣ ግን መቀመጥ ለዚህ እግር እረፍት አይደለም። ደሙን ወደ ላይ የሚገፋልሽ የባትሽ ጡንቻ ነው፣ እሱ ደሞ የሚሰራው ስትራመጂ ነው። ጉልበት አጥፎ 4 ሰዓት መቀመጥም አንድ ቦታ ተተክሎ 4 ሰዓት መቆምም ለባትሽ ያው ነው፣ ሁለቱም ላይ ስራ ፈቷል። ስለዚህ ቀጣሪ ስትመርጪ መቆም ነው መቀመጥ ነው ብለሽ አትጠይቂ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንቴ መነሳትና መንቀሳቀስ እችላለሁ ብለሽ ጠይቂ።

በዚህ ካየነው የጋርመንቱ ይከብደኛል። ኳሊቲ ጠረጴዛ ላይ ኮሌታ ትገለብጫለሽ፣ ስፌቱን ታያለሽ፣ የተረፈ ክር ትቆርጫለሽ፣ ሳትጨርሺ ቀጣዩ ክምር ይመጣል፣ በየሰዓቱ መድረስ ያለበት ቁጥር ስላለ ሱፐርቫይዘሩ ደግ ሰው ቢሆን እንኳ የምርት መስመሩ አይጠብቅሽም። አካውንታንት ግን ፋይል ለማምጣት፣ ስቶር ወርዶ ደረሰኝ ለማመሳከር፣ ባንክ ለመላክ ሰበብ አታጪም። እኔ ብሆን የቃሊቲውን እወስዳለሁ፣ የደሞዙ ልዩነት እንደሚያምሽ እያወቅኩ ነው የምልሽ። ግን መንገዱን ከስራ ሰዓትሽ ላይ ደምሪው፣ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ቆመሽ ከዛ ሀይገር ውስጥ ደሞ ተጨናንቀሽ ቆመሽ ከሄድሽ ቢሮ ሳትገቢ እግርሽ ጀምሯል። መግቢያ ሰዓት ትንሽ ቀደም ወይ ዘግየት እንዲሉልሽ ጠይቂ፣ ሰልፍ ላይም ተረከዝሽን ከፍ ዝቅ አድርጊ፣ ማን ያያል ብለሽ ነው።

4ኛ ፎቅ ላይ ነው ቤቴ ብለሽ አማረርሽ አይደል፣ ደረጃው ግን ጠላትሽ አይደለም፣ ባት ያሰራል። ስትወጪ ባትሽን ወይ ጭንሽን ወጥሮ የሚያቆምሽ ህመም ካለ ግን ለሀኪም ተናገሪ።

ለኤችአር ልንገር ወይ ላልሽው፣ ኢንተርቪው ላይ የህመምሽን ታሪክ መዘርዘር የለብሽም። ተቀጥረሻል ካሉሽ በኋላ ሳትፈርሚ በፊት በአጭሩ "እግሬ ላይ የደም ዝውውር ችግር አለብኝ፣ በየሰዓቱ 2 ደቂቃ ተነስቼ መንቀሳቀስ አለብኝ፣ ስራዬን አያስተጓጉልም" በያቸው፣ ከጠረጴዛ ስር እግር ማሳረፊያም ጠይቂ። የጤና ፎርም ካስሞሉሽ ግን እውነቱን ጻፊ፣ ኋላ ሲታወቅ ያስቀይማል። ህጉንም እወቂው፣ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሙከራ ጊዜ ከ60 የስራ ቀን አይበልጥም፣ እሱን ከጨረሽ በኋላ ብትታመሚ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የህመም ፈቃድ አለሽ፣ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወሮች በግማሽ፣ የቀሩት 3 ያለ ክፍያ። የሀኪም ወረቀት ይጠየቃል፣ ስለዚህ የዲቪቲውን የአልትራሳውንድ ውጤት እንዳትጥይው፣ ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ላይም ያዢው።

እብጠቱን ለመቀነስ እግርን ስለሚያጠብቀው ካልሲ፣ ብዙ ሰው ገዝቶ ወዲያው ይጥለዋል፣ ምክንያቱ ልኩ ስላልሆነ ነው። መጀመሪያ ሀኪም ለእግርሽ ይሆናል ይበልሽ፣ ግፊቱንም እሱ ይምረጥልሽ፣ ከዛ ጠዋት እግርሽ ሳያብጥ ቁርጭምጭሚትሽንና ባትሽን ተለክተሽ ግዢ፣ ስታደርጊውም ከአልጋ እንደተነሳሽ ነው፣ ካበጠ በኋላ ትግል ነው። ሱሪ ስር ማንም አያየውም።

ከስራ ወሬ ትንሽ ልውጣና፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ከመጀመርሽ በፊት ደም ረግቶብሽ እንደነበር ንገሪያቸው፣ ኤስትሮጂን ያለበት ኪኒን ላንቺ አይሆንም። ሁለተኛ ልጅም ካሰብሽ ከማርገዝሽ በፊት ሀኪም አማክሪ። የማታው እብጠት የለመድሽው ነው፣ ድንገት ከወትሮው በላይ ካበጠ፣ ካቃጠለሽ፣ ወይ ደረትሽን ከወጋሽና ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ቢሮም ብትሆኚ ፈቃድ ምናምን ሳትዪ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል፣ አዲስ በሆንሽበት ቦታ አፍሬ ብለሽ እንዳትቆዪ አደራ።

የቃሊቲዎቹ ሰኞ ደውዪ ብለውሻል አይደል፣ እስከዛ አትፈርሚ። ስትደውዪ የመግቢያ ሰዓቱንና ቢሮው ከታክሲ መውረጃ ምን ያህል በእግር እንደሚያስኬድ ጠይቂልኝ፣ 10 ደቂቃ ካስኬደ ደስ ነው የሚለኝ። ያሉሽን ጻፊልኝና ስለ ደሞዙ ድርድር አብረን እናስባለን።