የሞቱ የእንግሊዝኛ ቃላት፦ ጠይቁኝ፣ ልመልስ

ፈረንጆች ትተዋቸው ስላለፉ ቃላት ጠይቁኝ ብዬ ጥያቄው ጎረፈ። የተመለሱት እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንግሊዞች ለ«ከነገ ወዲያ» አጭር ቃል የላቸውም እንዴ?

መልስ፦ ነበራቸው እንጂ! «ኦቨርሞሮው» ይሉት ነበር። በ1535 በታተመው የከቨርዴል መጽሐፍ ቅዱስ፣ መጽሐፈ ጦቢት ውስጥ አለ። ጀርመኖች የራሳቸውን «ዩበርሞርገን» ዛሬም በየቀኑ ይሉታል። እንግሊዞቹ ግን ጥለውት «ከነገ በኋላ ያለው ቀን» እያሉ ይንዛዛሉ።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሴ ላይ ጌታ ሕፃናት ይሰቃዩ ያለ ይመስላል። ምንድን ነው ነገሩ?

መልስ፦ የያዝከው ኪንግ ጀምስ የሚባለው የ1611ዱ ትርጉም መሆን አለበት። ማቴዎስ 19፥14 ላይ ያለው «ሳፈር» በዚያ ዘመን «መፍቀድ» ማለትም ነበር። የእኛው «ሕፃናትን ተዉአቸው» ይላል፤ ያው ነው። 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥15ን ደግሞ እይ። «ፕሪቬንት» ዛሬ መከላከል ነው፣ እዚያ ግን መቅደም። 2ኛ ተሰሎንቄ 2፥7 ላይ ያለው «ሌት» ይብሳል፤ መፍቀድ ሳይሆን መከልከል ነው፣ ጭራሽ ግልባጩ! እኔን የሚያስፈሩኝ እንዲህ ያሉት ናቸው። የማታውቀውን ቃል መዝገበ ቃላት ገልጠህ ታያለህ። የምታውቀው የመሰለህን ግን ዝም ብለህ ታልፈዋለህ።

ጥያቄ፦ እዚያው ላይ ያለው «ዛው» ግን የክብር ነው አይደል? እንደ «እርስዎ»?

መልስ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። «ዛው» ማለት «አንተ» ወይም «አንቺ» ነው። «እናንተ» የነበረው «ዩ» ነው፤ ቀስ በቀስ አንድን ሰው ማክበሪያም ሆነ። ከዚያ ማንንም ላለማስቀየም ሁሉም ሰው «ዩ» ተባለና «ዛው» ተረሳ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ግን ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ባለሥልጣኑንም «አንተ» አሉት። ዱላ ቀምሰውበታል።

ጥያቄ፦ «ናይስ» ድሮ ስድብ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ዛሬ «ጥሩ» የሚባልበት ቃል ድሮ ቂል ማለት ነበር።

ጥያቄ፦ አንተ የምትወደውስ?

መልስ፦ «አፕሪሲቲ»። ሄንሪ ኮከራም በ1623 መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አስገባው፤ በብርድ ወራት የሚሞቁት ፀሐይ ሙቀት ማለት ነው። ኅዳር ላይ በጠዋት ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ የሞቀ ሰው ይገባዋል።

ጥያቄ፦ መዝገበ ቃላት ላይ ከተጻፈ እውነተኛ ቃል ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። በ1934 የታተመው ትልቁ የአሜሪካኖች መዝገበ ቃላት፣ ዌብስተር፣ «ዶርድ» የሚል ቃል ነበረው። ፍቺው «ዴንሲቲ» (እፍግታ) ይላል። እንዲህ የሚል ቃል ግን በዓለም ላይ የለም። የኬሚስትሪው አዘጋጅ በ1931 በወረቀት የጻፈው «ትልቁ ዲ ወይም ትንሹ ዲ የዴንሲቲ ምህፃር ነው» የሚል ነበር። በእንግሊዝኛ «ወይም» የሚለው «ኦር» ነው። «ዲ ኦር ዲ» (D or d) ተጣብቆ ተነበበና «ዶርድ» ተወለደ። አንድ አዘጋጅ በ1939 የቃሉ ምንጭ አለመጻፉን አይቶ ነቃበት። ከመጽሐፉ የወጣው ግን በ1947 ነው።