ቅዳሜ ወድቄ እሑድ ተወዳደርኩ፤ ያደከመኝ ጾሙ ነው?

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ስዊዘርላንድ ሲሆን በተራራ ብስክሌት በፕሮፌሽናል ደረጃ እወዳደራለሁ። ከዘጠኝ ቀን በፊት ቅዳሜ አጭሩን፣ እሑድ ደግሞ ረጅሙን ውድድር አድርጌ ነበር። የዐቢይ ጾምን እየጾምኩ ነው። እሑድ በሦስተኛው ዙር ላይ አቅለሸለሸኝ፣ እግሬ ከዳኝ፣ ብርሃኑም ዓይኔን ወጋኝ፤ እንደ ምንም ጨረስኩ። ቅዳሜ ድንጋያማው ቁልቁለት ላይ ወድቄ ሄልሜቴ ተሰንጥቆ ነበር፤ ነገር ግን ጥቂት ከማዞር በቀር ራሴን ስላልሳትኩ ምንም አልሆንኩም። ከዚያ ወዲህ ልምምድ ሳጠነክር ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፌም ተዛብቷል። ጾሙን ላቋርጥ? ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ውድድር አለብኝ። ክብደቴ 66 ኪሎ ነው።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥያቄዎ ስለ ጾም ቢሆንም እኔን ያሳሰበኝ በመሐል በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፉት የቅዳሜው አወዳደቅ ነው። በአካል ሳልመረምርዎ እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም፤ ሆኖም ሄልሜት እስኪሰነጠቅ ድረስ የመታ ምት፣ ወዲያው የተሰማ ማዞር፣ በማግስቱ የመጣ ማቅለሽለሽና ብርሃን መጥላት፣ ከዚያም ሲጣጣሩ የሚብስ ራስ ምታትና የእንቅልፍ መዛባት አንድ ላይ ሲደመሩ በመጀመሪያ የሚያስጠረጥሩት የአንጎል መናወጥን ነው።

ራስን አለመሳት ጉዳቱን አያስቀርም፤ የአንጎል መናወጥ ከሚደርስባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ራሳቸውን አይስቱም። ሄልሜት የራስ ቅልን ከስብራት በእጅጉ ይጠብቃል፤ በቅሉ ውስጥ ያለው አንጎል በድንገት እንዳይናጥና እንዳይዞር ማድረግ ግን ሙሉ በሙሉ አይችልም። በዚህ ንውጠት ጊዜ የአንጎል ሕዋሳት ሚዛናቸውን ለመመለስ ከወትሮው የበለጠ ግሉኮስ (ስኳር) ይፈልጋሉ፣ ወደ እነርሱ የሚደርሰው ደም ግን በተቃራኒው ሊቀንስ ይችላል። ልብዎ በፍጥነት በሚመታበት ልምምድ ላይ ራስ ምታቱ የሚነሣው ከዚህ ጋር በተያያዘ ሊሆን ይችላል። ምልክቶቹ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ስለሚገለጡ ቅዳሜ ማታ ደህና መስሎ መታየትዎ አያስገርምም።

በዓለም ዋንጫ ደረጃ፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ የሚፈጀው የአጭሩ ውድድር ውጤት ከ80 እስከ 100 ደቂቃ በሚዘልቀው ረጅም ውድድር ላይ ከየትኛው ረድፍ እንደሚነሡ ስለሚወስን፣ ወድቆ ተነሥቶ መቀጠል ምን ያህል እንደሚፈትን እረዳለሁ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ስፖርት ማኅበር (ዩሲአይ) ከ2021 የውድድር ዘመን ጀምሮ ያወጣው መመሪያ ግን የአንጎል መናወጥ የተጠረጠረበት ተወዳዳሪ ከ24 እስከ 48 ሰዓት እንዲያርፍ፣ ምልክቶቹ ሙሉ በሙሉ ከጠፉ በኋላም ቢያንስ አንድ ሳምንት ከውድድር እንዲርቅ ይመክራል። ይህን የምጽፈው ስላለፈው ለመውቀስ አይደለም፤ የተናወጠ አንጎል ለመወሰን ይዘገያል፣ ሚዛንም ያጓድላል፤ በዛፍና በድንጋይ መካከል በሚወረድበት ቁልቁለት ላይ ቅጽበት መዘግየት ሁለተኛ አደጋ ያስከትላል። የመጀመሪያው ሳይድን በላዩ ላይ የሚደርስ ሌላ ምት ደግሞ ሕመሙን ለወራት ሊያራዝም፣ አልፎ አልፎም ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል።

ስለዚህ ጠንካራውን ልምምድ ዛሬውኑ ያቁሙ፣ በዚህ ሳምንትም የስፖርት ሐኪም ወይም የነርቭ ሐኪም ይዩ። ራስ ምታቱ እየከፋ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰዎ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለዎ፣ ንግግርዎ ከተንተባተበ፣ እጅ ወይም እግርዎ ከዛለ ወይም ከተንቀጠቀጡ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሲቲ ስካን ተነሥተው «ንጹሕ ነው» ቢባሉ፣ ያ ደም አለመፍሰሱን ያሳያል እንጂ መናወጥ አልነበረም ማለት አይደለም። በጨለማ ክፍል ለሳምንታት መተኛት የሚለው የድሮ ምክር ቀርቷል፤ ሕመሙን እስካልቀሰቀሰ ድረስ በእግር መንሸራሸር ይጠቅማል። ሐኪምዎ ሲፈቅድ በቆመ ብስክሌት በቀስታ ይጀምራሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ደረጃ ቢያንስ አንድ ቀን እየሰጡ ወደ ሜዳማ መንገድ፣ በመጨረሻም ወደ ቁልቁለት ይሸጋገራሉ። ምልክቱ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ነው።

ወደ ጾሙ ስንመጣ፣ ከሥጋና ከወተት መከልከሉ ብቻውን እግርዎን ያዝላል ብዬ አላምንም። የሚጎዳው በሁለቱ ውድድሮች መካከል የሚቀረው አጭር ጊዜ በባዶ ሆድ ሲያልፍ ነው። ቅዳሜ ውድድሩ ባበቃ በአራት ሰዓታት ውስጥ፣ ለእርስዎ ክብደት፣ በየሰዓቱ ከ65 እስከ 80 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል፤ ይህም በየሰዓቱ ወደ 250 ግራም የተቀቀለ ሩዝ ማለት ነው። ፓስታ፣ ድንች፣ በስኳር የተበጠበጠ በሶም ይሆናል። ከምስር ወይም ከአኩሪ አተር ወተት ፕሮቲን ይጨምሩ። እሑድ ጠዋት ግን ሽሮና ባቄላ ሆድ ስለሚነፉ ይተዉዋቸው፣ በውድድሩም ላይ በሰዓት 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት በመጠጥ ይውሰዱ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ የሚቆዩ ከሆነ ይህ ሁሉ አይቻልምና፣ ስለ ሰዓቱ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ አሁን በሕመም ላይ ስለሆኑም ይህንኑ ይንገሯቸው። ሐኪምዎ ጋር ሲሄዱ የፌሪቲን (በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳይ የደም) ምርመራም ይጠይቁ። ከዕፅዋት የሚገኘው ብረት በቀላሉ ወደ ደም ስለማይገባ፣ ቡናና ሻይን ከምግብ ማራቅ፣ ሎሚ መጨመርም ይረዳል፤ የብረት እንክብል ግን ውጤቱ ሳይታይ አይጀምሩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስላለው ውድድር፣ ዛሬም ራስ ምታት እያለብዎ ምዝገባውን ባያረጋግጡ እመርጣለሁ። ምልክቶቹ በዚህ ሳምንት ፈጽመው ቢጠፉ እንኳ ደረጃዎቹን ለመጨረስ ጊዜው ጠባብ ነው። የተሰነጠቀውን ሄልሜት ደግሞ ለልምምድም ቢሆን አያድርጉት፤ አንድ ጊዜ ምት የተቀበለ ሄልሜት ሁለተኛውን አይችልም።