ጥያቄና መልስ፦ በሰርቪስ ቤት እንጉዳይ ለምታመርቱ፣ ስለ አየርና እርጥበት

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የምመልሰው በትንሽ ክፍል ኦይስተር እንጉዳይ ለሚያመርቱ ነው። ርዕሱ አየርና እርጥበት ብቻ ነው። ስትጠይቁ የክፍሉን ስፋት፣ ሙቀቱንና የእርጥበት መለኪያው የሚያሳየውን ቁጥር ጻፉ። ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር፦ ውሃ እንጉዳዩ ላይ አይረጭም። ግድግዳና ወለል ላይ ነው የሚረጨው።

ከጎፋ፦ ጋሼ፣ እንጉዳዬ ግንዱ ብቻ ረዝሞ ጃንጥላው የሸሚዝ ቁልፍ አክሎ ቀረ። ክፍሉ 2 በ3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ነው። እርጥበት እንዳይወጣ መስኮቱን በፕላስቲክ ሸፍኜዋለሁ። መለኪያው 92፣ ሙቀቱ 19 ይላል። ውሃ ልጨምር?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው፣ ተባረክ። ውሃ አትጨምር። እርጥበትህ በቂ ነው፤ ያጠረህ አየር ነው። እንጉዳይ ተክል አይደለም። እንደ እኛው ኦክስጅን ያስገባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። የደጁ አየር ከሚሊዮን እጁ 420 ገደማው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ኦይስተር ጃንጥላውን በደንብ እንዲዘረጋ ክፍሉ ውስጥ ከ1,000 ባያልፍ ጥሩ ነው። እንዳንተ በታፈነ ክፍል ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ያኔ ጃንጥላው መዘርጋቱን ይተውና ግንዱ ይመዘዛል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሁለቱን ጊዜ አንድ አድርጎ ስለሚያይ ነው። ነጩ ድር፣ ማለትም እንጉዳዩ የሚበቅልበት ክር፣ በከረጢት የታሸገውን ጭድ በሚወርስበት ወቅት ከረጢቱ ዝግ ስለሆነ የክፍሉ እርጥበት ብዙም አያስጨንቅም፤ መታፈኑንም ይችለዋል። ጉጥ፣ ማለትም ገና ብቅ ያለ ትንሽ እንጉዳይ፣ ሲያወጣ ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ አየርም እርጥበትም በአንድ ላይ ይፈልጋል።

ፕላስቲኩን አንሳ። በበሩ ሥር አንድ ማስገቢያ ክፈት። ፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ ላይ ከጣሪያው ዝቅ ብለህ ሌላ ቀዳዳ ክፈትና ፋን ግጠምበት፤ አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ ይሁን። ክፍልህ 15 ሜትር ኩብ ነው። በሰዓት 4 ጊዜ እንዲለወጥ በሰዓት 60 ሜትር ኩብ የሚገፋ ትንሽ ፋን ይበቃሃል። ሁለቱንም ቀዳዳ በድርብ ሻሽ ሸፍን። የወባ አጎበር ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ትንንሾቹን ጥቋቁር ዝንቦች አያግድም።

ከሰበታ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል። ታች ስለሚተኛ መውጫው ታች መሆን የለበትም እንዴ?

ከቢሾፍቱ፦ እኔ መውጫዬን ላይ አድርጌ ጥሩ አመርታለሁ።

ከሰበታ፦ ያንተ ጣሪያ ቆርቆሮው ክፍት ስለሆነ ነው ወንድሜ። የኔ ቤት ኮርኒስ አለው።

ከቢሾፍቱ፦ ኮርኒስና ጋዝ ምን አገናኘው? ቤቴን ሳታይ አትፍረድ።

መልስ፦ ተዉ እናንተ ልጆች። መክበዱ እውነት ነው፣ ግን አየር በሚንቀሳቀስበት ክፍል ይቀላቀላል እንጂ ለብቻው አይተኛም። ዋናው ነገር መግቢያና መውጫው ተራርቀው ፊት ለፊት መሆናቸው ነው። አንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ካደረጋችኋቸው አየሩ በአቋራጭ ገብቶ ይወጣና የመደርደሪያው ጥግ ታፍኖ ይቀራል።

ከአያት፦ እንጉዳዬ እምቢ አለኝ፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ምኑ ነው እምቢ ያለው? ድሩ? ጉጡ? ስፋት የለም፣ ሙቀት የለም፣ ቁጥር የለም። ከላይ ጠይቄያለሁ፤ አሟልተሽ ጻፊ።

ከኮተቤ፦ ከመርካቶ የገዛሁት መለኪያ ጠዋትም ማታም 99 ይላል። ልመነው?

መልስ፦ ፈትነው። በጠርሙስ ክዳን የገበታ ጨው ሙላና ጠብ ጠብ እያደረግክ ውሃ ጨምርበት፤ ይርጠብ እንጂ አይሟሟ። ክዳኑንና መለኪያውን አየር በማያስገባ ፌስታል ውስጥ አስረህ አሳድረው። ጠዋት 75 ካለ ደህና ነው። 82 ካለ ከምታነበው ላይ 7 ቀንስ። አሁንም 99 ካለ ጣለው። በዚያ ቁጥር የሚመራ ሰው ክፍሉ እየደረቀ መሆኑን አያውቅም።

ከእንጦጦ ሥር፦ ጋሼ፣ ኅዳር ላይ ጠዋት ጠዋት መስኮት ስከፍት ጤዛ አለ፣ አየሩም እርጥብ ነው። እንዲህም ሆኖ ጉጡ ይደርቅብኛል። እንዴት ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አየር የሚሸከመው ውሃ በሙቀቱ ልክ ነው። 10 ዲግሪ ላይ ያለ አየር እስኪጠግብ ቢጠጣ በሜትር ኩብ የሚይዘው 9 ግራም ገደማ ውሃ ነው። 20 ዲግሪ ላይ 17 ግራም ገደማ ይይዛል። እናም ደጅ 100 በመቶ የነበረው የኅዳር ጠዋት አየር ክፍልህ ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 55 በመቶ ይወርዳል። ጤዛውን አይተህ እርጥብ አስገባሁ ትላለህ፤ ያስገባኸው ግን ደረቅ አየር ነው። ጉጡ ደግሞ ያን ያህል ስስ ሆኖ በአንድ ጠዋት ጫፉ ቡናማ ይሆንና ይቀራል።

የጎፋውን ክፍል ብንወስድ፣ በሰዓት 60 ሜትር ኩብ እንዲህ ያለ አየር እየገባ 90 በመቶ ላይ ለመቆየት በየሰዓቱ ሲሶ ሊትር ያህል ውሃ መትነን አለበት። በማርጠቢያ ጠርሙስ ፊስ ፊስ በማድረግ አይደረስበትም። ስለዚህ አየሩ እየረጠበ ይግባ። ከማስገቢያው ፊት የታጠበ ጆንያ ስቀል፤ የታችኛው ጫፉ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ይነከር፣ ላዩን ጠዋትና ማታ አርሰው። ወለሉ ላይ አሸዋ አልብስና አጠጣው። ጆንያውን በየሳምንቱ በበረኪና እጠበው፤ አለዚያ እሱ ራሱ ይሻግትና ሻጋታውን ክፍሉ ላይ ይነፋዋል። መስኮቱንም ጠዋት አትክፈት፣ ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ ክፈት።

ከሐዋሳ፦ ጃንጥላው ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ወጣ፣ ሲነካ ያሟልጫል።

መልስ፦ ባክቴሪያ ነው። የሚመጣው ጃንጥላው ላይ ውሃ ቆይቶ ሳይደርቅ ሲያድር ነው። የታመመውን ልቀምና አስወግድ፤ እርጥበቱን ወደ 85 አውርድ፣ አየሩን ጨምር። ከመጀመሪያው ያልኩት ይህንኑ ነው፦ ውሃ እንጉዳዩ ላይ አይረጭም።

ከአዳማ፦ ጉጥ እያለስ ትንሽ ትንሽ ቢረጭበት?

መልስ፦ አይረጭም። ጉጥም ሆነ ጃንጥላ፣ ትንሽም ሆነ ብዙ፣ አይረጭም።

ከሜክሲኮ፦ ከረጢቱ ውስጥ አረንጓዴ ሻጋታ አየሁ።

መልስ፦ ከክፍሉ አውጣው፣ እዚያው አትፍታው። ችግሩ የጭዱ አፈላል ነው፤ የዛሬ ርዕስ አይደለም።

ከሪያድ፦ ጋሼ፣ እኔ ያለሁት ሳውዲ ነው። በኤሲ ክፍል ውስጥ በአንዲት ቁም ሳጥን ሞክሬ ጫፉ እየተሰነጠቀ አስቸገረኝ። ሙቀቱ 22፣ እርጥበቱ ከ40 አይዘልም።

መልስ፦ ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዝ ውሃውንም ጨምቆ ያወጣዋል፤ ለዚህ ነው የሚሰነጠቀው። የኤሲው ንፋስ በቀጥታ እንዳያገኘው ቁም ሳጥኑን አዙሪው። ክፍሉን በሙሉ ለማርጠብ አትድከሚ። ቁም ሳጥኑን ከውስጥ በፕላስቲክ ለብጪ፣ ሂዩሚዲፋየሩን (ጉም እየነፋ አየር የሚያረጥበውን ማሽን) ውጭ አስቀምጪና ጉሙን በቱቦ ወደ ታችኛው መደርደሪያ አስገቢ። ላይ ትንሽ ፋን ግጠሚ። ፋኑና ጉሙ አብረው ይሥሩ፤ ጉሙ ብቻውን ከሠራ የጎፋው ልጅ ላይ የደረሰው ይደርስብሻል።

ከአያት፦ እኔ ነኝ ጋሼ፣ ይቅርታ። 3 በ3 ክፍል፣ 18 ዲግሪ፣ 88። ድሩ ነጭ ሆኖ ጨርሷል፣ ጉጥ ግን የለም። ክፍሉን ድቅድቅ አድርጌ ነው የያዝኩት።

መልስ፦ አሁን ጥሩ ጠየቅሽ። ብርሃን ያስፈልገዋል። ጋዜጣ የሚያስነብብ ያህል በቀን ለ12 ሰዓት ስጪው፣ ቀጥታ ፀሐይ ግን አይንካው። ከረጢቱን ቀደድ ቀደድ አድርገሽ አየር አስገቢ።

ከጅማ፦ ስለቅም ስውል ማታ ያስለኛል። ከብርድ ይሆን?

መልስ፦ ይህን ሁላችሁም አንብቡ። ኦይስተር ሲደርስ እንደ ነጭ ዱቄት የሚበን ዘር ያዘንባል፤ መደርደሪያው ላይ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ያ ዱቄት ለዓመታት ሲተነፈስ ሳንባን ያስቆጣል። ሥራውን እስከ መተው የደረሱ አሉ። ጭምብል አድርገህ ግባ፣ አፍንጫ ላይ በደንብ የሚገጥም ይሁን። የጃንጥላው ጠርዝ ወደ ታች እንደታጠፈ ልቀም፤ ተዘርግቶ ወደ ላይ እስኪገለበጥ አትጠብቅ። ከመግባትህ 15 ደቂቃ በፊት ፋኑን አስነሳ። ከሥራ በኋላ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ካለ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ እንጉዳይ እንደምታመርትም ንገረው።

ከሳሪስ፦ ለዐቢይ ፆም ኪሎው ስንት ይገባል?

መልስ፦ ስለ ገበያ ዛሬ አልመልስም።

ከደብረ ብርሃን፦ ከጫካ የመጣ የጅብ ጥላ ከረጢት ውስጥ ቢተከልስ?

መልስ፦ አይሆንም። የሚገድል አለ። የታወቀ ዘር ብቻ።

ከቢሾፍቱ፦ መብራት ሲጠፋ ፋኑ ይቆማል። ያኔስ?

መልስ፦ የላዩንም የታቹንም ቀዳዳ ክፍት ተው። የክፍሉ አየር ከደጁ ሞቅ ያለ ከሆነ ራሱ በላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በታች ይገባል። መውጫህን ላይ ያደረግከው ለዚህም ይጠቅምሃል።

ከሰበታ፦ እሺ ጋሼ፣ ተረታሁ። ክረምትስ? ሐምሌ ላይ ደጁም ውስጡም 90 ነው፣ ፋኑን ላጥፋው?

መልስ፦ አታጥፋው። በክረምት ጆንያውንና ማርጠቡን ነው የምታቆመው። እርጥበት በነጻ ሲመጣ ሰው በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ ሐምሌ ላይ ግንዱ ተመዘዘ፣ ጃንጥላው ቢጫ ሆነ የሚሉ ጥያቄዎች የሚበዙትም ለዚህ ነው። ማታ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ከቆርቆሮው ጠብታ ስለሚወርድ ከመደርደሪያው በላይ ሸራ አዘንብለህ ወጥር፤ ጠብታው ተንሸራቶ ወደ ጥግ ይውረድ።