ለመረብ ተንሳፋፊና ማስመጫ ከተረፈ ዕቃ መሥራት

ከዝዋይ ሐይቅ ዳር የጻፉልን አንድ ወጣት ዓሣ አስጋሪ 50 ሜትር ርዝመት ላለው የናይለን መረባቸው ተንሳፋፊውን ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው ነጭ ፎም፣ ማስመጫውን ደግሞ ከዳር ከለቀሟቸው ድንጋዮች እንደሠሩ፣ ሁሉንም በቃጫ ገመድ እንዳሰሩ ይገልጻሉ። ማታ ከሐይቁ ወለል ላይ ቀጥ ብሎ የተተከለው መረብ ጠዋት ሲነሳ የላይኛው ገመድ በታችኛው ላይ ተጠምጥሞ፣ ፎሙ ተፈርፍሮ፣ ብዙዎቹ ድንጋዮች ወልቀው ያገኙታል። አዲስ ዕቃ ሳይገዙ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ይጠይቃሉ።

መልሴን ከገመዱ ልጀምር፤ ምክንያቱም ጥፋቱ በአብዛኛው ከእርሱ ይመስለኛል። ቃጫ ውሃ ይጠጣል፣ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይነፋል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይላላል፤ ስለዚህ ማታ ጠብቆ የታሰረ ድንጋይ ከጥቂት ቀን በኋላ ከቋጠሮው ሾልኮ ቢወጣ አያስደንቅም። የላይኛው ገመድ ራሱ ሲከብድም ተንሳፋፊዎቹ መረቡን ሳይሆን ገመዱን ተሸክመው ያድራሉ። በቤትዎ የተረፉ የገመድ ቁርጥራጮችን በባልዲ ውሃ ውስጥ ይጣሏቸው፤ የሚንሳፈፈው ለላይ፣ የሚሰምጠው ለታች ይሆናል። ከማዳበሪያ ከረጢት ክር ተፈትሎ የሚገመደው ገመድ ከውሃ ስለሚቀል ለላይኛው መስመር ተስማሚ ነው፤ ፀሐይ ግን ስለሚያደርቀውና ስለሚሰባብረው፣ ከሥራ በኋላ ጥላ ሥር ይቀመጥ። ናይለን ከውሃ በጥቂቱ ስለሚከብድ ለታችኛው ይሻላል።

ነጩን ፎም ይተዉት። እርስ በርስ የተጣበቁ ጥቃቅን እንክብሎች ስብስብ በመሆኑ ገመድ በፈተገው ቁጥር እንክብሎቹ ይለያያሉ፣ በመካከላቸው ውሃ ይገባል፣ ፍርፋሪውም ሐይቁ ውስጥ ይቀራል። በምትኩ ያረጀ ነጠላ ጫማ ይፈልጉ። የነጠላ ጫማ ሶል ውስጡ ለየብቻ በተዘጉ የአየር ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ቢቆረጥም ቢፈተግም ውሃ በቀላሉ አያስገባም። ሶሉን በሳሙና አጥበው፣ ምላጩን በሳሙና ውሃ እያራሱ 8 በ5 ሴንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡ፤ ከአንድ ሶል አራት ያህል ይወጣል። ማዕዘኖቹን ማክበብ አይርሱ፤ ሹል ማዕዘን የመረቡን ዓይን እየያዘ መጠምጠምን ከሚያመጡት አንዱ ነው።

ቀዳዳውን በምስማር አይብሱት፤ ምስማር ፎሙን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ አይቆርጠውም፣ ስንጥቁም በኋላ ይቀደዳል። ከተሰበረ የራዲዮ አንቴና ቀጭን ቱቦ ቆርጠው አንድ አፉን በሞረድ ይሳሉ፣ ከዚያ ሶሉን እንጨት ላይ አስተኝተው ቱቦውን እየጫኑ ያዙሩት፤ ክብ ቁራጭ በቱቦው ውስጥ ይቀራል፣ የቀዳዳውም ጠርዝ ንጹህ ይሆናል። ከሁለቱ ጫፎች ሁለት ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው ሁለት ቀዳዳ ያውጡ፤ ገመዱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ስለሚታጠፍ ተንሳፋፊው ያለ ቋጠሮ ባለበት ይቆማል፣ ሲፈልጉም ያንሸራትቱታል። ቀዳዳው ከገመዱ ውፍረት ትንሽ ጠበብ ቢል ይመረጣል።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። አንድ ተንሳፋፊ ምን ያህል እንደሚሸከም ለማወቅ በባልዲ ውሃ ውስጥ ምስማሮችን በክር አንድ በአንድ እየጨመሩ ያንጠልጥሉበት፤ ሊሰምጥ ሲቃረብ ምስማሮቹን በሱቅ ሚዛን መዝነው ከክብደታቸው አንድ ስምንተኛውን ይቀንሱ፤ ብረት በውሃ ውስጥ ይህን ያህል ይቀለዋልና። አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ቁራጭ ከ40 እስከ 50 ግራም ይሸከማል ብዬ እገምታለሁ፤ ሶሉ ከሶል ስለሚለያይ ግን የእርስዎን ልኬት ይመኑ። በየሜትሩ አንድ ቢያስገቡ፣ 45 ግራም ብንል፣ ጠቅላላው ሁለት ኪሎ ከሩብ ገደማ ይሆናል።

ከሐይቁ ወለል ላይ የሚተከል መረብ ታች እንዲቀመጥ የማስመጫው የውሃ ውስጥ ክብደት ከዚህ መብለጥ አለበት፤ ለምሳሌ ሁለት ኪሎ ተኩል ከዚያም ትንሽ በላይ። አንድ መቶ ግራም ጥሩ ጥቁር ድንጋይ ውሃ ውስጥ ሲገባ 60 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። በዝዋይ አካባቢ ደግሞ ለብሎኬት የሚያገለግለው ፓሚስ የተባለው ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በብዛት አለ፤ በደረቅ እጅ ሲይዙት ድንጋይ ነው፣ ውሃ ውስጥ ግን ጨርሶ ሊንሳፈፍ ይችላል። ከለቀሟቸው መካከል እንዲህ ያሉ እንዳሉ በባልዲው ይፈትሹ።

እኔ ግን ከግንባታ የተረፈ ሲሚንቶ ካለ እርሱን እመርጣለሁ። አንድ እጅ ሲሚንቶ በሁለት እጅ አሸዋ አቡክተው፣ በተቆራረጠ የኤሌክትሪክ መስመር ፕላስቲክ ቱቦ ወይም በሃይላንድ አንገት ውስጥ ሞልተው፣ መካከሉ ላይ ዘይት የተቀባ ምስማር ይትከሉ። ሲደነድን ምስማሩን አውጥተው ለአንድ ሳምንት በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ያቆዩት፤ በአንድ ቀን ፀሐይ የደረቀ ሲሚንቶ ቶሎ ይሰነጠቃል። መቶ ግራሙ ውሃ ውስጥ 55 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ከእያንዳንዱ ተንሳፋፊ ትይዩ አንድ ቢያስቀምጡ ሃምሳዎቹ ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ሃምሳ ግራም ይሰጡዎታል። መረቡ ከላይ እንዲንሳፈፍ ከፈለጉ ማስመጫውን በግማሽ ይቀንሱ። የፌሮ ቁራጭም ይሠራል፤ ነገር ግን ዝገቱ የመረቡን ክር ስለሚበላ በብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ይሸፈን። ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ አውጥቶ ማቅለጥን አልመክርም፤ ጭሱም አሲዱም ይጎዳል፣ በተለይ ልጆች ባሉበት ግቢ።

በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ተንሳፋፊ መሥራት የሚፈልጉ ብዙ ናቸው። አንዱ ጠርሙስ ብቻውን 500 ግራም ያህል ስለሚጎትት የወለል መረብን ከመካከል ያነሳዋል፤ ስለዚህ ለመረቡ ሁለት ጫፎች ምልክትነት ብቻ ይጠቀሙበት። ክዳኑን ጠበቅ አድርገው ይዝጉት።

ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ወይም ሌላ ጥልቅ ውሃ ካመሩ ሒሳቡ ይለወጣል፤ በየ10 ሜትሩ አንድ ከባቢ አየር የሚያህል ግፊት ስለሚጨመር ለስላሳ ሶል ይጨመቅና የመሸከም አቅሙን ያጣል። ዝዋይ በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ጥልቀት ስላለው ለእርስዎ ይህ አያሳስብም።

መረቡን አስተካክለው ሲጨርሱ መጀመሪያ ከዳር ቅርብ ጥርት ባለ ውሃ ዘርግተው የላይኛውን ገመድ ይመልከቱ። በሁለት ተንሳፋፊዎች መካከል ሆዱ ወደ ታች ከረገበ ተንሳፋፊዎቹን ያቀራርቡ፤ የታችኛው ገመድ ከወለሉ ከተነሳ ማስመጫ ይጨምሩ። ይህን ሲያደርጉ ታንኳ ላይ ይሁኑ እንጂ ውሃው ውስጥ አይቁሙ፤ የዝዋይ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለበት።