ኢንካዎችና ተራራው፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን ልመልስ

ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት ፔሩን ይገዙ ስለነበሩት ኢንካዎች ግንባታ የጠየቃችሁኝ ስለበዛ ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ማቹ ፒቹን የሚያህል ከተማ ገደል አፋፍ ላይ! ያን ሁሉ ድንጋይ እንዴት አወጡት?

መልስ፦ ከታች ተሸክመው አላወጡትም፣ እዚያው ነበር። 2,430 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ቦታ የመሬት ስንጥቆች የሚተላለፉበት ነው፤ ግራናይቱን ተራራው ራሱ ሰነጣጥቆ ጠብቋቸዋል። ዛሬም ከተማው ውስጥ ሳይጠረብ የቀረ የቋጥኝ ክምር ታያላችሁ። የድንጋይ ካባቸው እሱ ነበር።

ጥያቄ፦ ክረምቱ እንዴት ጠርጎ አልወሰደውም?

መልስ፦ እኔን የሚደንቀኝ ይሄ ነው። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርድበታል። ከተማው የቆመበት እርከን ሲቆፈር ከላይ ለም አፈር፣ ዝቅ ሲል አሸዋና ጠጠር፣ ከሥር ደግሞ ትልልቅ ድንጋይ ይገኛል። ውሃው ሰርጎ ይወርዳል እንጂ ተጠራቅሞ የእርከኑን ግንብ አይገፋም። ያጠኑት መሐንዲሶች ከሥራው ከግማሽ በላይ የሆነው ከመሬት በታች ነው ይላሉ። ቱሪስቱ ፎቶ የሚያነሳው ትንሹን ነው ማለት ነው!

ጥያቄ፦ ያለ ስሚንቶ የመሬት መንቀጥቀጥን ቻለ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ግድግዳው ወደ ውስጥ ዘንበል ይላል፤ በሩ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የኢንካዎቹ ዋና ከተማ የነበረችው ኩስኮ ስትንቀጠቀጥ በቆሪካንቻ ቤተ መቅደስ ላይ የተሠራው የሳንቶ ዶሚንጎ ገዳም ክፉኛ ተጎዳ፤ ከሥሩ ያለው የኢንካ ግድግዳ ግን ቆመ። ብቻ "ሁሉም ቤት እንዲህ ነው" አትበሉ። ቢላ የማያስገባው ግጥምጥሞሽ ለቤተ መቅደስና ለንጉሥ ነበር፤ የብዙው ቤት ድንጋይ በጭቃ የተያያዘ ነው።

ጥያቄ፦ ተራራ ያመልኩ ነበር?

መልስ፦ አዎ፣ "አፑ" ይሉታል፤ ጌታ እንደማለት። ማቹ ፒቹ ሰሜን ጫፍ ላይ አንድ ሰፊ ቋጥኝ ቆሟል። ፊት ለፊቱ ስትቆሙ የላይኛው ጠርዙ ከበስተጀርባው ካለው ተራራ ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል።

ጥያቄ፦ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ናቸው የሠሩት የሚሉስ?

መልስ፦ ኧረ ተዉ! ድንጋዩን የጠረቡት በሌላ ጠንካራ ድንጋይ እየቀጠቀጡ ነው። ከካቺቃታ የድንጋይ ካባ ኦያንታይታምቦ ወደምትባለው ሌላ የኢንካ ከተማ በሚወስደው መንገድ ሳይደርሱ የቀሩ ግዙፍ ድንጋዮች እስከ ዛሬ ተጋድመዋል። የአገሩ ሰው "የደከሙት ድንጋዮች" ይላቸዋል። ከሰማይ የመጣ እንግዳ ሸክሙን መንገድ ላይ ጥሎ ይሄዳል?